ለኢየሩሳሌምና ለመካ መንገድ ገንዘብ እንዴት ይጠራቀም ነበር? ከጠገራ ብር እስከ ዛሬ



ባለፈው ዓመት በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የሒሳቡ ሪፖርት ተነቦ ካለቀ በኋላ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚለው ሥር አንድ ያልታሰበ ነገር ተነሥቶ ነበር። አንዲት እናታችን ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉና «ለመቀበሪያችን እንደሆነ በየወሩ እናዋጣለን፤ ሞት እንደሆነ ጠርተነውም ሳንጠራውም ይመጣል። በቁማችን አንድ ቀን ኢየሩሳሌምን ረግጠን እንድንመለስ የምናዋጣው መቼ ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ነገሩ ክርክር ሆነ። ገሚሱ «እድር የሐዘን ነው፤ የሽርሽር ሣጥን አይደለም» አለ፤ ገሚሱ ደግሞ «ታዲያ አባቶቻችን የሄዱት በምን ሄዱ?» ሲል ጠየቀ። ሊቀ መንበራችንም ነገሩ ይጠና ብለው እኛን ሦስታችንን መደቡን። የምናውቀውንና ከሽማግሌዎች የሰማነውን አሰባስበን እነሆ በዚህ በዓመቱ መጽሔታችን አቅርበናል።

ከሦስታችን አንዳችን የሰበታ፣ አንዳችን የቡራዩ፣ አንዳችን የሱሉልታ ነዋሪዎች ነን። ይህም በአጋጣሚ አይደለም። እድራችን የተመሠረተው አዲስ አበባ መሐል በአንድ ሠፈር ሲሆን፣ ሠፈሩ ሲፈርስና የቤት ኪራይ ሲንር አባሎቹ ወደ ከተማይቱ ዙሪያ ተበተኑ፤ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ግን አልተበተነም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። እኛ ግን ቀብር ሲኖር ዛሬም የምንመጣው በሦስት መንገድ ነው፤ በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም በር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ውጭ አገር መሄድ ሲባል ዛሬ ልጆቻችን የሚያስቡት ሥራን ወይም ትምህርትን ነው። እዚህ የምንጽፈው ግን ሄዶ ስለ መመለስ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተመኝቶ፣ ጥሪት ቋጥሮ፣ አይቶና ተሳልሞ የሚመለስበት ጉዞ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ክርስቲያኑ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ሙስሊሙ ወደ መካ ሲመላለስ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። በእድራችን ሁለቱም ወገን ስላለ ሁለቱንም እናነሣለን። (የሰበታ ሰዎች እንኳ ጌቴሴማኒ የሚለውን ስም ለመስማት ባሕር መሻገር አያስፈልጋቸውም፤ የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ጠባባት ገዳም ከደጃቸው ነው።)

በጥንት ጊዜ የኢየሩሳሌም መንገደኛ ወይ በሱዳንና በግብፅ በረሃ አቋርጦ፣ ወይ ምጽዋ ወርዶ በቀይ ባሕር በመርከብ ይሄድ ነበር። ጉዞው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። አንዳንዱ በመንገድ ሞተ፤ አንዳንዱም እዚያው መንኩሶ ቀረ። ከኢየሩሳሌም አልፈው ሮማ የዘለቁም ነበሩ። በቫቲካን ውስጥ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ «የሐበሾች» እየተባለ የሚጠራው የእነዚህ መንገደኞች ማረፊያ ስለ ነበረ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1548 እና በ1549 የግእዙ ሐዲስ ኪዳን ሮማ ላይ የታተመውም በዚያ ቤት በነበሩት በአባ ተስፋ ጽዮን ትጋት ነው። በሶ ቋጥሮ የወጣ መንገደኛ መጽሐፍ አሳታሚ ሆኖ ሲገኝ ማየት እንዴት ይገርማል!

ለመሆኑ ስንቁ ምን ነበር? በሶ፣ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ፤ ይህ እስከ ወደቡ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ያስፈልጋል። አሞሌ ጨው በአገር ውስጥ ገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል፤ ባሕር ዳር ሲደርስ ግን ጨው ጨው ነው፤ ማን ይቀበለዋል? ስለዚህ መንገደኛው አሞሌውን፣ እህሉንና ከብቱን እየሸጠ በጠገራ ብር ይለውጥ ነበር። ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያይቱ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ በየትኛውም ዘመን ቢሠራ 1780 የሚል ቁጥር የሚታተምበት ገንዘብ ነው። በምጽዋም፣ በጅዳም፣ በካይሮም ይታወቃል። የተቀባዩ ሰው ልማድ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች መቁጠር ነበር፤ የተፋቀ ወይም የደበዘዘ ከሆነ አይቀበልም።

አንዱ ጠገራ ብር 28 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ መቶ ብር የያዘ መንገደኛ ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ብር በወገቡ ታጥቆ ነው በረሃ የሚያቋርጠው። ሽፍታ ከሩቅ በአረማመዱ ያውቀዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ የተነሣ ብቻውን የሚሄድ እምብዛም አልነበረም፤ የነጋዴ ሲራራ እየጠበቁ፣ ማኅበር እየሆኑ ይጓዙ ነበር። ይሁንና ያ ከባድ ገንዘብ አንድ መልካም ጠባይ ነበረው። ዋጋው ያለው ብሩ ራሱ ላይ ነው እንጂ ወረቀት ላይ በተጻፈ ቃል አይደለም። ዛሬ የቀበሩትን ከአሥር ዓመት በኋላ ቆፍረው ቢያወጡት ያው 28 ግራም ነው። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ስንቅ አንድ ነገር ነው፤ ማረፊያ ሌላ ነው። በኢየሩሳሌም በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ ያለው ዴር ሱልጣን የኢትዮጵያውያን ጥንታዊ ይዞታ ቢሆንም፣ ስለ ባለቤትነቱ ከግብፃውያን ጋር የነበረው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ስለዚህ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከከተማው ግንብ ውጭ መሬት አስገዝተው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ሥራ አስጀመሩ፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1885 ዓ.ም. ተፈጸመ። መንገዱም እስከ ዛሬ በኢትዮጵያ ስም ይጠራል። ከዚያ ወዲህ ነገሥታቱና መኳንንቱ በአካባቢው ቤት እየገዙና እያሠሩ ኪራዩ መነኮሳቱን እንዲረዳ አደረጉ። የጅማው አባ ጅፋርም እንዲሁ ከአገራቸው ለሚመጡ ሐጃጆች መካ ላይ ማረፊያ ቤት አዘጋጅተው ነበር። ባለጸጋው አንድ ጊዜ ቤት ከሠራ ድኻው መንገደኛ የአልጋ ሒሳብ ከወጪው ይሠርዛል ማለት ነው። እኛ ሦስታችንም በዚህ ነገር ላይ ብዙ ተነጋግረናል፤ ዛሬ በእድሩ ድንኳን የምንጠቀመው በዚያው መንገድ አይደለምን?

በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ነገሩ ተለወጠ። በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀው የባሕር ዳር መንገድ በጥቂት ቀን የሚያልቅ ሆነ፤ ከጅቡቲም መርከብ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲሄዱ መጀመሪያ የተሳለሙት ኢየሩሳሌምን ነው። በዚያም በአርመኖች ገዳም የተጠለሉ 40 ወላጅ አልባ ልጆች አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ እነዚህ ናቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት ሙዚቀኞች። የቀድሞውን የንጉሠ ነገሥት መዝሙር ዜማ የደረሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን ከእነርሱ ጋር የመጣ ነው። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ከኢየሩሳሌም ባዶ እጅ አይመጣም! ዛሬ ደግሞ የአዲሱ የጅቡቲ ባቡር መስመር መነሻ ሰበታ ሆኗል፤ የሰበታው ጓደኛችን ይህን ካልጻፋችሁ አልፈርምም ስላለን ጽፈነዋል።

ባቡሩ ግን የቲኬት ገንዘብ ይጠይቃል። በእግር ሲኬድ ጊዜና ጉልበት የነበረው ወጪ አሁን ጥሬ ገንዘብ ሆነ። በዚህ ጊዜ ነው ለመንገድ ገንዘብ ማጠራቀም በከተማ ሰው ዘንድ ሥርዓት ያለው ነገር የሆነው። ሠራተኛውና ነጋዴው በእቁብ፣ ባለ ከብቱ በከብቱ፣ ባልቴቲቱ በጠላና በአረቄ። ሱሉልታ ወተትና ድርቆሽ አዲስ አበባ እያወረደች ስትሸጥ የኖረች አገር ናት። የሱሉልታው ጓደኛችን አያት «ይህች ጊደር የመንገዴ ናት» ብለው አንዲቱን ለይተው ያሳድጉ እንደ ነበር ነግሮናል። ስትወልድ ወተቷ ለቤት፣ ጥጃዋ ለመንገድ። ሴትዮዋ ኢየሩሳሌም ደረሱ ወይ ብለን ጠየቅነው፤ ጣሊያን ገባና ጊደሯም ቀረች፤ መንገዱም ቀረ አለን።

ከገንዘቡ በፊት ግን የሚቀድም ሒሳብ ነበር። በእስልምና ሐጅ ግዴታ የሚሆነው ለቻለ ሰው ብቻ ነው። ይህም ማለት ዕዳውን የከፈለ፣ ለሚመለስበት ጊዜ ድረስ ለቤተሰቡ ቀለብ የተወ፣ ገንዘቡም ከሐላል የመጣ ሰው ነው። ልጆቹን አስርቦ መካ የሚሄድ ሰው የለበትንም ግዴታ ነው የሚፈጽመው ማለት ይቻላል። በክርስቲያኑም ዘንድ የኢየሩሳሌም መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት ለነፍስ አባቱ ተናዝዞ፣ ከተጣላው ታርቆ፣ ንብረቱንም ለልጆቹ ተናዝዞ ነበር የሚነሣው። ላይመለስ ይችላልና። የእድራችን ደንብም ከዚህ አልራቀም፤ ከሦስት ወር በላይ የሚርቅ አባል መዋጮውን በቅድሚያ ይከፍላል ወይም ወኪል ይተዋል። ይህን አንቀጽ ብዙዎቻችን እንደ ቅጣት እናየዋለን፤ ነገሩ ግን ያው የጥንቱ ኑዛዜ ነው።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ። በባዕድ ቋንቋ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል እንጂ በእኛ አፍ ሁልጊዜ ብር ነው። ጠገራው ቀስ በቀስ ከገበያ ወጥቶ በጌጥ ሠሪ እጅ ቀለጠ። ዓመት ሳይሞላው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ወረቀት ገንዘብና አውሮፕላን አብረው መጡ ማለት ነው። አንዱ ጥሪቱን አቀለለው፤ ሌላው መንገዱን አሳጠረው። ሦስት ኪሎ ብር መሸከም ቀረ፤ በረሃም ቀረ።

መንገዱ አጠረ እንጂ በሩ ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። ከ1940 እስከ 1959 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ለሁለት ተከፍላ ዴር ሱልጣን በዮርዳኖስ በኩል፣ ደብረ ገነት በእስራኤል በኩል ስለ ነበሩ ተሳላሚው አንዱን ለማየት የሌላውን ድንበር ማሰብ ነበረበት። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት አገራችን ከእስራኤል ጋር ግንኙነቷን አቋረጠች፤ የታደሰው በ1982 ዓ.ም. ነው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ወደ የትም ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር፤ ያንን ለማግኘት የደከሙትን ሰዎች የምናውቃቸው ነን።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አግኝተናል። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ ንቅንቅ አላለም። በዚያ ዘመን በሣጥኑ 2,070 ብር ያለው ሰው፣ ሥራውም ቤቱም ሳይጨመር፣ አንድ ሺህ ዶላር አለው ማለት ነው። ግን በሩ ተዘግቷል። በሩ ሲከፈት ደግሞ ገንዘቡ ይሮጥ ጀመር። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ዶላሩ በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። ያቺው አንድ ሺህ ዶላር 5,000 ብር ጠየቀች። ከዚያ ወዲያ አንዴ ቀስ እያለ፣ አንዴ ዘሎ፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ መግቢያ 57 ብር ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አባቶቻችን በጠገራ ብር ያልነበረባቸው ጭንቀት ይህ ነው። እነርሱ የፈሩት ሽፍታን ነው፤ የእኛ ሽፍታ ሣጥኑ ተቆልፎ ሳለ ነው የሚገባው።

በትራስ ሥር ለሚያስቀምጥ ደግሞ ሌላም አለ። የብር ኖት በ1969 ዓ.ም. ተለወጠ፤ በ1990 ዓ.ም. ተለወጠ፤ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብሩ እንደገና ተለወጠና የ200 ብር ኖት ተጨመረ፤ የተሰጠውም ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በእንሥራ ውስጥ የቀበረ ሰው ምን እንዳለ እንተወው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከእድራችን አባሎች 12ቱ፣ አብዛኞቹ እናቶች፣ «የመንገድ ሣጥን» የሚል ነገር መሥርተው በነፍስ ወከፍ በወር 500 ብር ማዋጣት ጀመሩ። ሐሳቡ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም መድረስ ነው። ከመካከላቸው አንዲቱ ሙስሊም ጎረቤታችን ሲሆኑ፣ የእርሳቸው ድርሻ ለሐጅ ነበር፤ ሣጥኑ ግን አንድ ነው። ሳያቋርጡ 42 ወር አዋጡ። እስከ የካቲት 2012 ዓ.ም. ድረስ የእያንዳንዳቸው 21,000 ብር ሆነ። በጊዜው የባንክ ምንዛሪ 640 ዶላር ግድም ነው። መጋቢት ላይ ወረርሽኙ መጣና የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን በሩን ዘጋ፤ የመካም መንገድ ተዘጋ። ማዋጣቱም ቆመ።

ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ለሁለት ተከፈለ። ስምንቱ፣ ሐጃጇ ጎረቤታችን ጭምር፣ «ገንዘቡ አይነካ» ብለው ኖት ሲለወጥ ባንክ አስገቡት። 7 ከመቶ ወለድ ቢታሰብለት እንኳ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የአንዲቱ ድርሻ ከ27,500 ብር እምብዛም አያልፍም፤ ይህም ከ275 ዶላር በታች ነው። በ640 ዶላር የተነሣ መንገደኛ ሳይነሣ፣ ሳይበላ፣ ሳይሰረቅ ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። ሐጃጇ ጎረቤታችን ይህን ሒሳብ ስናሳያቸው «ሐጁስ ይቆየኝ፤ እኔ ሌባው ማን እንደሆነ ብቻ ልወቅ» አሉን። ምን እንመልስላቸው?

አራቱ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. 84,000 ብራቸውን ይዘው ሱሉልታ ሁለት ጊደሮች ገዙ። የሱሉልታው ጓደኛችን የአያቱን ነገር የነገራቸው ይመስለናል። በ2015 ዓ.ም. አንደኛዋ በበሽታ ሞተች። እዚያ ላይ ስምንቱ ሳቁ፤ እኛም ልንደብቀው አይገባም፣ ስቀናል። ሁለተኛዋ ግን ወለደች፤ ዛሬ ላሟና ሁለት ጥጆቿ አሉ፤ ወተቱም ለመኖዋ ተርፎ በየወሩ ጥቂት ያስቀምጣል። ገበያው ሲወደድ ላሟም ትወደዳለች። ዋጋዋ ጠገራ ብር እንደ ነበረው ራሷ ላይ ነው። ጠገራ ብር ግን አይታመምም።

አንድ ሌላ የተረሳ ወጪም አለ፤ የስጦታው። ሰው ሊሄድ ነው ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ አሥር፣ ሃያ ብር «ጧፍ አብራልኝ፣ ስሜን አስጠራልኝ» እያለ አደራ ይሰጣል። መንገደኛውም ሲመለስ ለሁሉ መቁጠሪያ፣ መስቀል፣ የዮርዳኖስ ውሃ፣ ሐጃጁም ተምርና ዘምዘም ይዞ ይጠበቃል። ከዚያ የእንኳን ደኅና መጡ ድግስ አለ። ተሳልመው የተመለሱ አንድ አባላችን ለአንድ ሰው ከሄደው ወጪ የስጦታውና የድግሱ እንዳልተናነሰ ነግረውናል፤ በዕቅዳቸው ግን አልጻፉትም ነበር። ከሁሉ የሚከበረው ግን ከዚያ የሚመጣው መግነዝ ነው። ይህን የእድር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አስከሬን ስንገንዝ ከሣጥን ወጥቶ የሚዘረጋው፣ ባለቤቱ ራሱ ሄዶ ያመጣው ነጭ ጨርቅ። ሐጃጁም ኢሕራሙን እንዲሁ ያኖረዋል። እንግዲህ «እድር የሐዘን ነው፤ ከመንገድ ጋር ምን አገናኘው» ለሚሉት ወንድሞቻችን መልሳችን ይህ ነው።

ለሊቀ መንበራችን ያቀረብነው ሐሳብም አጭር ነው። የመንገድ ሣጥን ከእድሩ ገንዘብ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅ። የሚፈልጉ አባሎች ለብቻቸው ይሰብሰቡ። ጊዜው ከሁለት ዓመት አይርዘም፤ የተራዘመ ሣጥን ለሽፍታው ነው። ሒሳቡም ከመጀመሪያው በዶላር እየተሰላ በየስድስት ወሩ ይነበብ፤ የቤት ቀለብና ስጦታውም ይጻፍበት። በምን ይቀመጥ የሚለውን ለየራሳቸው ትተናል። ሦስታችንም በዚህ አልተስማማንምና።

ከአራቱ ባለ ላሞች አንዲቱ እናታችን የቡራዩ ነዋሪ ነበሩ፤ ባለፈው ዓመት በጥር ዐርፈው በእድራችን ድንኳን ቀበርናቸው። መግነዝ አልነበራቸውም፤ ከሌላዋ እናታችን ተውሰን ነው የገነዝናቸው። መዋስ ስንል መልሱ እንዴት እንደሚሆን ይገባችኋል፤ አንድ ሰው ሄዶ ማምጣት አለበት። ልጃቸው እኔ በእናቴ ድርሻ ሄጄ አመጣለሁ ብላለች። ባለፈው ወር ሱሉልታ ወርደን ሒሳቡን ልናካፍል ስንቀመጥ ላሟ ከደጅ ቆማ ታመነዥካለች፤ ልጅቷ ብዙ ጊዜ አየቻትና «እሺ አባቶቼ፣ ላሟ የአራት ሰው ናት፤ የእናቴ የትኛዋ እግር ናት?» አለችን።

ጥጆቹ ለፋሲካ ገበያ ይሸጣሉ።